ሱሪ ብቻውን አይቀደድም

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ፋርማሲ መድኃኒት ስትሸጥ ትውልና ስትመለስ ያልኳትን ትጽፋለች። የራሷን ከጨመረች አውቃለሁ።

ዛሬ ሥጋ ሻጩ ሱሪ ይዞልኝ መጣ። መቀመጫው ላይ ለሁለት ተከፍሏል። «እንዲሁ ብቻውን ተቀደደ» ይለኛል። ሱሪ ብቻውን አይቀደድም ወዳጄ። ምን ስታደርግ ነበር? አፈረ። በርሜል ሲያነሳ ኖሯል። ሰው እንዴት ልብስ ሰፊ ፊት ይዋሻል?

ልሰፋለት ተቀመጥኩ። የስፌት መኪናዬ አምስት ትወጋለች፣ ሦስት ትዘላለች። ሃምሳ ዓመት ያልከዳችኝ...

ምራቴን ጥቁር ክር አቀብዪኝ ብላት ሰማያዊ ሰጠችኝ። «አባባ፣ ጥቁር ነው» አለች። ይሁን።

ጥቅምት 7

ልጄ ሹፌር ነው። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የሚገባው ይመስለዋል። የስፌት መኪናዬ ደግሞ ሞተር የላትም፣ በእግር ነው። ዞር ዞር ብሎ አያትና «አርጅታለች። ቅዳሜ ብረት ገዢው ሲመጣ ትሂድ። እዚህ ፍሪጅ እናቆማለን» አለ።

እኔንስ የት ሊያቆመኝ ነው? ያለ እሷ ምሳ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነኝ።

ጥቅምት 8

ስልክ ላይ የስፌት መኪና ጠጋኞች የሚጠያየቁበት ግሩፕ አለ አለች ምራቴ። የማይተዋወቁ ሰዎች። ሥራ ፈቶች። ለቅዳሜ ስል እሺ አልኩ። እኔው አስጻፍኩ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሃምሳ ዓመት የሰፋሁ ነኝ፣ ሙሽራ አልብሻለሁ፣ ዳኛ አልብሻለሁ፣ መኪናዬ እምቢ አለችኝ፣ መላ በሉኝ።

«አባባ፣ ምን እንደሆነች አልነገርናቸውም እኮ። ፋርማሲም አሞኛል ብሎ ዝም የሚል አለ።»

ባለሙያ ከሆኑ ይወቁት አልኳት።

አንዱ መለሰ። ራሱን «ብሎን» ብሎ የሰየመ። «ስለ ሙሽራዋ ደስ ብሎናል። ጥያቄው ምንድን ነው?»

አሳዳጊ የበደለው።

ጥቅምት 9

ብሎን አራት ነገር ጠየቀ። ምን ዓይነት መኪና ናት? በምን ክር፣ በምን ጨርቅ? ስፌቱ እንዴት እንዴት ይዘላል? መዝለል ከመጀመሯ በፊት ምን ነክተዋል?

ሦስቱን መለስን። ለአራተኛው «ምንም» በይ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም?»

ምንም አልኩሽ።

ብሎን፦ «ምንም ሳይነኳት መኪና አትዘልም፣ አባት።»

ምራቴ ሳቋን ዋጠች። የሥጋ ሻጩ ሱሪ ትዝ ብሏት ነው። እኔም ትዝ አለኝ... ራት አልበላሁም።

ጥቅምት 10

ስልኩን አምጪ አልኳት። ጻፊ፦ እሑድ መርፌ ተሰበረብኝ። አዲሱን ሳላይ ከተትኩ። ዓይኔ ከዳኝ፣ ትንሽ ነገር መለየት ካቆመ ሰነበተ። ክር እንኳ የማስገባው በልማድ ነው። መርፌውን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ጣቴም ደንዝዟል። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ትዘላለች።

ጽፋ ጨረሰች። «እንዲህ እንዳለ ልላከው?»

ላኪው። ሙሽራም ዳኛም የለበትም።

ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ። «የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ዞሮ ገብቷል። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው አስተካክሎ ይክተትልዎ። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።» የመጨረሻዋን ማን ጠየቀው?

ምራቴ አዞረችው። ረገጥኩ... አንድም አልዘለለችም።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

ብረት ገዢው ሲመጣ የሥጋ ሻጩን ሱሪ እየሰፋሁ ነበር። ልጄ በር ላይ ደርቆ ቀረ። «ማን ጠገናት?»

«ጥያቄ» አልኩት። አልገባውም፣ ሹፌር አይደል። ብረት ገዢው አሮጌ መጥበሻ ይዞ ሄደ።

ከእንግዲህ መርፌ የምትከተው ምራቴ ናት። ይኸው ተባለ።

ግሩፑ ላይ ዛሬ አንዱ «መኪናዬ ተበላሸች፣ እርዱኝ» ብሎ ጽፏል። ሌላ ቃል የለም። ደንቆሮ። ጻፊለት አልኳት፦ ሱሪ ብቻውን አይቀደድም፤ መጨረሻ ላይ ምኗን ነካህ? ብሎን አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ያንሳ፣ ምን ያደርግልኛል።

አሁን አንብቢልኝ። ዓይኔ ከዳኝ ካልኩበት ጀምሪ። ጮክ ብለሽ፤ ልጄ እዚያኛው ክፍል ነው።