ኮምፒውተርሽን እንደ ውርስ መሬት የሸነሸንኩ ለት

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለአስካለ፣

«ለጤናሽ እንዴት ነሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። የማታ ትምህርት መምህራችን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለውናል። ላንቺ ግን አይሆንም፤ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከወገቤና ከሕሊናዬ በቀር። ከተለየሽኝ ሙት ዓመትሽ አልፎ ሌላ ክረምት ገብቷል። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ጠባዩን አላሻሻለም።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው ሌላ ሰው እንዳይመስልሽ። እኔው ነኝ፣ ሸዋንግዛው! ማንንም አላስጻፍኩም። ከማታው ክፍል አንደኛ ወጥቼ በጭብጨባ ተሸኝቻለሁ። እርግጥ አብረውኝ የተማሩት አብዛኞቹ መነጽራቸውን ቤት ረስተው የሚመጡ አሮጊቶች ናቸው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መጀመሪያ የምጽፍልሽ ደብዳቤ የጀግንነት ይሆናል ብዬ ነበር። የበደል ሆነ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ያስቸገረሽን የጣራ ፍሳሽ ደፍኜዋለሁ፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል። ልጃችን ምሕረት አረርቲ የነበረውን ሥራዋን ትታ ተመለሰች፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅሽንም ከፈተችው። ወንበርሽ ላይ ስትቀመጥ አንገቷን እንዳንቺ ዘንበል ታደርጋለች፤ እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ መንገዱ ዞሬ ነው የማልፈው። ሰውም እንደ ድሮው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል። ችግሩ ኮምፒውተርሽ ነው፤ ከኔ ብሶ አርጅቷል። አንድ ወረቀት እስኪከፍት ድረስ ባለጉዳዩ ሊከሰው የመጣውን ሰው ይቅር ብሎት ይሄዳል። ገበያ እየሸሸን ነው አለችኝ ምሕረት።

መላውም የሷ ነው። የድሮው ሲስተም፣ ያንቺ ነገር ሁሉ ያለበት፣ ባለበት ይቀመጥ፤ ከዲስኩ ላይ ቦታ ተቆርሶ ቀለል ያለ አዲስ ሲስተም ይጫንበት። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ቤት። ሲበራ ወደየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ላንቺ ማስረዳት ለቄስ ቅዳሴ ማስጠናት ነው፤ እኔ ግን ገና ሰሞኑን ስለገባኝ ደስ ብሎኝ ነው የምደግመው።

ፎቶዎችሽም፣ በስልክሽ ትቀጂው የነበረው ድምፅም ያሉት እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስልክሽ በሕመምሽ ሰሞን ተበላሽቶ ቀርቷል። ስለዚህ ለሚ ከተማ ያሉት አክስትሽ አርፈው ምሕረት ለቅሶ ልትደርስ ስትነሳ፣ አዲሱ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ጣቷን እየቀሰረች እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ እስክመጣ እንዳትነካው። መጀመሪያ የእማዬን ነገር ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ሰማኸኝ?» እሺ አልኳት። እሺ ማለት ለኔ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እሷ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ እኔ ወንበርሽ ላይ ተሳፈርኩ።

አትቆጪኝ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። መካፈልን ለኔ ማን ያስተምረኛል ብዬ ነው። ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ ቁልቁለት፣ ወንድማማች የአባቱን መሬት ሲካፈል ገመዱን የሚይዘው ማን ነበር? ዱላ ተማዝዘው የመጡትን አካፍዬ በአንድ ገበታ አብልቻለሁ። መሬት የቆረሰ እጅ ዲስክ አይቆርስም? ደግሞ ማንበብ እችላለሁ። ምሕረት ከለቅሶ ደክማ ስትመለስ ሥራው አልቆ ብታገኘው፣ «አባዬ አንተ ነህ?» ስትለኝ፣ እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ «ቀላል ነገር ነው» ልላት፣ ይህን ሁሉ በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሻለሁ።

ፍላሹን ሰክቼ አበራሁት። ከቋንቋዎቹ መሀል «አማርኛ» የሚል ባየሁ ጊዜ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እኔ ጠቅ አደረግኩ፣ እሱ በአማርኛ ጠየቀኝ። እኔ አነበብኩ፣ መለስኩ። ቀጥሎ ዲስክሽን እንደ ማሳ ዘርግቶ በቀለም በቀለም ለይቶ አሳየኝ። ትልቁ ያንቺ ነው። ድንበሩን ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ለምሕረት ቦታ ተገኘ። ሰው ድንበሩ ሲገፋ ይጮሃል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንቺ ግን ዝም አልሽ። ከባለቤቱ ጀርባ ገመድ አልይዝም ስል የኖርኩ ሰው፣ ባለቤቷ የሌለችበትን መሬት ቆረስኩ።

ከማሳው ራስጌ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ነበረች። ስም የላትም፣ ስፋቷም ዶሮ አያስቆም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለች ቁራጭ ለማንም አትረባም፤ ትርፏ ጠብ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ከአንዱ ድርሻ ይቀላቅላታል። እኔም እንደ ልማዴ ፈረድኩባት። ሰረዝኳት።

ኮምፒውተሩ አስጠነቀቀኝ፣ አስካለ። በአማርኛ አስጠነቀቀኝ። የማስነሻ ክፋይ የለም፣ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል፣ ተመለስ ወይም ቀጥል አለኝ። ቃል በቃል አነበብኩት። «ላይነሳ» የምትለዋን ሳይቀር። ድሮ አንቺ ይህን አላየህም ወይ ስትይኝ «ማንበብ መቼ እችላለሁ» እያልኩ አመልጥ ነበር። ያቺ ማምለጫ ነች አሁን የጠፋችብኝ። ችዬ፣ አንብቤ፣ ገብቶኝ ቀጥል አልኩ። አንደኛ የወጣ ሰው እንዴት ወደ ኋላ ይመለሳል?

ከዚያማ ጭኖ ጭኖ፣ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ፣ አልተነሳም። ጥቁር። ጥግ ላይ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ጥቁር። ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁት፣ ጥቁር። ጎኑን መታ መታ አደረግኩት፣ ሬዲዮ ይመስል። የመቃብርሽ አፈር ሲመለስ ያልወደቀብኝ ነገር ያን ጊዜ ወደቀብኝ። በሽታው አንቺን ወሰደ፤ የተረፈውን ድምፅሽን ግን እኔ በገዛ ጣቴ ሰረዝኩት አልኩ።

ለምሕረት አልደወልኩም። ሱቁን ቆልፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ባለጉዳይ እየመጣ «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ምነው ዘጋችሁ?» ሲለኝ «መብራት ጠፍቶ» እላለሁ፤ ከራሴ በላይ የበረንዳው አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። አንዱ ቀና ብሎ አምፖሉን አየና «እግዜር ያብራላችሁ» ብሎኝ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቀልድ ሳምንት አወራው ነበር። ያን ቀን ግን አምፖሉን አጠፋሁት።

ምሕረት ስትመጣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ፊቴን አየችና «ነካኸው» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማስጠንቀቂያውን ማንበቤን ግን ዘለልኩት። ከዚያ ደግሞ ያቺን ውሸት ተሸክሜ ማደር አቃተኝና እሷንም ነገርኳት። ኮምፒውተርሽ ፊት ተቀመጠች፣ እኔን ከኋላዋ አቆመችኝ። በፍላሹ አስነሳችውና ዲስኩን ስታይ ቆይታ፣ «አባዬ፣ የእማዬ ክፍል አለ። አንተ ያጠፋኸው መንገዱን ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ ዶሮ የማታስቆም ቁራጭ የማንም ድርሻ አልነበረችም። ኮምፒውተሩ ሲነቃ መጀመሪያ እሷን ይረግጣል፤ የሁለቱም ቤት መግቢያ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ቤቶቹ ሙሉ ቢሆኑም መግቢያ የላቸውም። ይህን ስሰማ ቁጭ አልኩ። መሬት ሲካፈል ዕጣ ከመጣሉ በፊት የከብት መውጫና የውኃ መውረጃ መንገድ እንዲተው፣ ያንን ያረሰ እንዲቀጣ፣ ስንት ጊዜ በዚህ አፌ ተናግሬያለሁ! ስሙ ያልተጻፈበት መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም እያልኩ ጎረምሳ የገሠጽኩ እኔ ነኝ። መንገድ አረስኩ፣ አስካለ። በሽምግልናዬ መንገድ አረስኩ።

ምሕረት ያቺን ቁራጭ እንደገና ለይታ አበጀቻት፤ የሁለቱንም ቤት መግቢያ መልሳ ጻፈችባት። ከሁሉ በፊት ግን ያንቺን ነገር ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች። ሲገለበጥ እኔ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከዚያ የድሮው ተነሳና አንዱን ድምፅ ከፈተችው። ሀ ሁ ልታስተምሪኝ የሞከርሽበት ቀን ነው፤ ለካ ቀድተሽዋል። «በል ሸዋንግዛው፣ ይቺ ማን ናት?» ትይኛለሽ። እኔ «ገበያ ላይ ያየኋት ይመስለኛል፣ የማን ልጅ ናት?» እላለሁ። ትስቂያለሽ። ሁለተኛውን ትጠይቂኛለሽ፣ ሌላ ቀልድ። ትስቂያለሽ፣ ግን አጠር ብሎ። «ሸዋን ግዛው ብለው ስም ያወጡልህ ሰዎች አንዲት ፊደል መግዛት እንደሚያቅትህ አላወቁም» አልሽኝ። እኔ ለሱም መልስ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ ሳቅ የለም። እኔ ብቻዬን አወራለሁ፣ አንቺ ዝም፣ ደብተር ሲታጠፍ ይሰማል።

በዚያ ቀን ያንን ዝምታ አልሰማሁትም። እምልልሻለሁ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ሳቅሽን ብቻ ነበር። ስንት ዓመት አስቄያት ኖርኩ እያልኩ ስኩራራ፣ ያ ደብተር ስንት ጊዜ ታጥፎ ይሆን?

ምሕረት አንገቷን ደፍታ ነበር። እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ ሲበራ ማንም ካልመረጠ ጥቂት ጠብቆ በራሱ ወደ አንዱ ይገባል፤ ወደየትኛው ይግባ? «ወደ እናትሽ ነዋ» አልኳት፣ ምን ያጠያይቃል ብዬ። እሷ ግን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «አባዬ» አለች፣ «በሩን ከፍቼ ኮምፒውተሩን ገና ሳበራ ፎቶዋ ፊቴ ድቅን ይላል። በየጠዋቱ። ባለጉዳይ ፊት አልቅሼ አውቃለሁ። እኔም እኮ ልሥራበት።»

ይህንንም አላየሁም ነበር። በየጠዋቱ ከዚያ በር ጀርባ ልጄ ታለቅስ ኖሯል፤ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ አልፋለሁ።

«አዲሱን አስቀድሚው» አልኳት። ቃሉ ሲወጣ አንቺን ከገዛ ቤትሽ ወደ ጓሮ ያወረድኩሽ መሰለኝና ወዲያው ልመልሰው አፌን ከፈትኩ። ምሕረት ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ዘጋሁት። ሁለተኛ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ቅር የሚልሽ ከሆነ በኔ ይሁን።

አሁን እንዲህ ሆኗል። ሲበራ ሁለት መስመር ይመጣል፤ አዲሱ ከላይ፣ ያንቺ ከታች። ወዳንቺ ለመውረድ ቁልቁል የምታመለክተውን ቁልፍ ጊዜው ሳያልፍ መጫን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሕረት በሌለችበት፣ ብቻዬን ተቀምጬ ሞከርኩት። መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ ጊዜው አለፈና አዲሱ ገባ። አላፌዝኩም፣ ጎኑንም አልመታሁትም። አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት። በሁለተኛው ጣቴን ቁልፉ ላይ አስቀድሜ ጠበቅኩና ደረስኩ።

ዝምታሽን እስከ መጨረሻው አደመጥኩት። ከእንግዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር እመጣለሁ፤ ቃሌ ነው። ስታወሪም እየሰማሁ፣ ዝም ስትይም እየሰማሁ፣ በሕይወት እስካለሁ አስብሻለሁ። እንዲሁ ነይ ብልሽ በራስሽ አትመጪም፤ ጣቴን አንስቼ የምመጣው እኔ ነኝ።

የአንቺው ሸዋንግዛው