ከለቅሶህ የመለስኩት ሰው

ውድ ወንድሜ ሲራክ፣

እንዴት ነህ? ደብዳቤ እንዲህ ሲጀመር ትስቅ ነበር፤ «‹እኛ ደህና ነን› የሚለውን ጨምርበት» ትለኝ ነበር። ደህና አይደለንም።

ሰው ሁሉ በአንተ የምቀና ይመስለው ነበር፤ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ስለገባህ፣ እማዬ ለእንግዳ ሁሉ ስምህን ስለምታነሳ። እኔ ግን የቀናሁት በጓደኛህ በያሲር ነው። አባታችን ጥሎን ከሄደ ጀምሮ የጫማዬን ክር የምታስርልኝ፣ የትምህርት ቤት ወረቀቴን የምትፈርምልኝ አንተ ነበርክ። ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ያሲርን ካገኘህ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ትተህ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ እናቱ ቤት ትውል ጀመር። «ሪሰርች አለብን» ትላለህ። ኮል ሳደርግልህ ከኋላህ እሱ ይስቃል።

ሪሰርቹ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናታችሁ፣ ሰው ለምን ጨካኝ አለቃ ይናፍቃል የሚል ነበር። መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሳችሁ መጀመሪያ የሞከራችሁት በእኔ ነው፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ። ለልጅ የቱ ይበልጣል? ታላቁን ማክበር ወይስ በራሱ መቆም? ታዛዥነት ወይስ በራስ መወሰን? ጨዋነት ወይስ ጠያቂነት? እኔ ማክበር፣ ታዛዥነት፣ ጨዋነት አልኩ።

«ሲራክ፣ ወንድምህ ወግ አጥባቂዋን አክስቴን በለጣት! ለጨካኝ አለቃ ናፍቆት ሙሉ ማርክ!» አለ ያሲር።

«‹ጨዋ› የሚለው ቃል ነው ያበላሸው» አልከው። «‹ልጄ ጨዋ ባይሆን ግድ የለኝም› የሚል ሐበሻ የት አለ? እማዬ ብትሰማህ ከቤት ታስወጣሃለች።»

ስለ ቃሉ ስትከራከሩ እኔ እዚያ መቀመጤን ረሳችሁ።

ያን ሰሞን ነው የዚያን ፖለቲከኛ ሰውዬ ቪዲዮ ማየት የጀመርኩት። ክራባቱን ጠበቅ አድርጎ ያስራል፣ አይስቅም። አገር እንደ ቤት ነው፣ አንድ አባት ይበቃዋል፣ ባዕድ ወደ መጣበት ይመለስ ይላል። እሱ ባዕድ ሲል እኔ ያሲርን አስብ ነበር። አንድ ቀን ከትከሻዬ በላይ ቆመህ አየኸው።

«ሰውዬው እኮ መጀመሪያ አውሮፕላን ላይ የሚጭነው አንተን ነው፤ ቀጥሎ እማዬን።»

«ይሁን። ሥርዓት ይኑር» አልኩህ።

«ሥርዓት ምን ያደርግልሃል?»

ያን ቀን አልመለስኩልህም። አሁን ልመልስልህ። ቅዳሜ እቤት እንድትውል የሚያዝልኝ ሰው ነበር የፈለግኩት። ለምኜህ አልሆነልኝም። ሰውዬው ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታ ስለ እኔ ብሎ አንተን የሚቆጣልኝ ይመስለኝ ነበር። ስለ ፖለቲካ ምንም አላውቅም። የማውቀው ማን እንዲባረር እንደምፈልግ ብቻ ነው። መጠይቃችሁ ይህን አልጠየቀኝም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ከአሌክሳንድሪያ በዝናብ ስትመለስ፣ መኪናህ ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ተገለበጠች።

በለቅሶህ የቤቱ ወንድ እኔ ሆንኩ። በር ላይ ቆሜ ሰው እቀበላለሁ። በሁለተኛው ቀን ያሲር መጣ፤ ዓይኑ አብጧል።

«ያሬዶ» አለኝና ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ።

«ፋሚሊ ኦንሊ ነው።»

«ምን?»

«ለቤተሰብ ብቻ።»

«ለቅሶ እኮ ነው፣ ያሬድ!»

በዚያው ቅጽበት የታች ፎቁ ጎረቤታችን ጋሽ ለገሰ፣ ስምህን እንኳ በቅጡ የማያውቁት፣ «ሲሳይ» እያሉ የሚጠሩህ፣ ካርቶን ውሃ ተሸክመው በመካከላችን አልፈው ገቡ። ያሲር በዓይኑ ተከተላቸው።

«እሳቸውስ?»

«አጎታችን ናቸው።»

የለቅሶ ቤት በር በማንም ላይ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ተቀያይሞ የኖረ ሰው እንኳ ይገባል። ግን እውነቱን ልንገርህ ሲራክ፣ ደስ አለኝ። ከሞትክ ወዲህ ደረቴን ቅልል ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፓርኪንጉ ላይ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ፤ እኔም በመስኮት እያየሁት፣ አሁን የእኔ ብቻ ሆንክ አልኩ። ጥናታችሁን የሚጨርሰው ካለ ይህን ይጻፍበት። በማግስቱ ደግሞ መጣ፤ በር ላይ ቆሜ ሲያየኝ ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ።

«ያ ልጅ ምነው ቀረ? በእጄ ያጎረስኩት ልጅ!» ብላ እማዬ ስትጠይቀኝ «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳችም።

ትናንት አክስታችን ከበቡሽ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዛሬ እማዬ ሥራ ገባች። ከሞትክ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ሻይ አፈላሁና ሳልጠጣው ደፋሁት። ቦርሳዬን ለትምህርት ቤት አዘጋጅቼ ወጣሁ፤ ግን የቀዩን መስመር ባቡር ተሳፈርኩ፣ መሀል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀየርኩ፣ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርጄ አውቶብስ ያዝኩ። የያሲር ቤት አድራሻ እማዬ «የምትውልበትን ቤት ጻፍልኝ» ብላህ ፍሪጅ ላይ የለጠፍከው ነው።

በሩን የያሲር እናት፣ እትዬ ሙፈሪሓት፣ ከፈቱልኝ። ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቶ ፍራሽ ተነጥፏል። እኛ ቤት ስላልገቡ ለቅሶህን እዚያ ተቀምጠውልሃል። ግድግዳው ላይ ፎቶህ አለ፤ ወንዝ ዳር ቆመህ አፍህን ከፍተህ ትስቃለህ። እኔ የሌለኝ ፎቶ ነው። እዚያም ቆሜ ቀናሁ።

«አብሽር ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። «እኛማ ልንመጣ ነበር። እናትህ በሐዘኗ መሀል እስላም ካልፈለገች ምን ይደረግ? አንቀየማትም አልን።»

እማዬን እንዲህ አሰቧት። እኔ እንዲህ አላልኩም ነበር፤ ግን ሌላ ምን ይመስላቸው? ያሲር ከጓዳ ወጥቶ መቃኑን ተደግፎ ያየኛል።

«እማዬ አታውቅም» አልኩ። «የመለስኩት እኔ ነኝ።»

 ስልኬን አውጥቼ ለእማዬ ኮል አደረግኩላት።

«ትምህርት ቤት አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

«ያሲር ቤት ነኝ። ለቅሶ መጥቶልን ነበር፣ እማዬ። ሁለቴ። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

  «ስልኩን ለእናቱ ስጥልኝ» አለች።

ሰጠኋቸውና ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ሲላቀሱ ያሲር መጥቶ ከፍራሹ ጫፍ ቆመ። እንዲቀመጥ ጠጋ አልኩለት።

ዛሬም የሚቀናብህ፣
ታናሽህ ያሬድ