ሊፍቱን ያጠፋሁ ቀን

እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን
ከአዲሱ ቤታችን (አዲስነቱ ለእኛ ነው እንጂ እሱስ በዕድሜ ይበልጠኛል)

ለዳኛዬ፣

እንደምን አለሽልኝ የኔ ልጅ? እኛ ደህና ነን። ይሄን «ደህና ነን» እንደ ቀድሞው ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ እውነቴን ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እኔንና እናትሽን ስትዳኚ ስላደግሽ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ትፈርጅብኛለሽ። ደብዳቤ ግን መሃል አይገባበትም፤ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ቤት ገዛን። ባለሊፍቱን ፎቅ አይደለም፤ አሮጌውን ቤት። እባክሽ ወረቀቱን አትቅደጂው።

ባለፈው ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ዕድሜህን ሙሉ ሊፍት ስትጠግን ኖረህ ሊፍት አታምንም። እናቴን እዚያ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ልትቀብራት ነው» አልሽና ስልኩን ዘጋሽው። መልሼ ያልደወልኩልሽ ተናድጄ አልነበረም። «ልትቀብራት» የሚለው ቃል ነው ያገደኝ፤ እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበርና።

ነገሩ የጀመረው ከስፌት መኪናዋ ነው። መቼም የሚሠራ ነገር ድምፁ ሲለወጥ ቶሎ ይሰማኛል። የእናትሽ የእግር መኪና ድሮ አንድ እጅጌ ገጥማ እስክትጨርስ አይቆምም ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፤ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል። እኔ ሞኙ መኪናውን ፈታሁት። ዘይት ቀባሁት፣ ጠፍሩን ለወጥኩለት። በሳምንቱ ያው ነው። እንደገና ፈታሁት። እሷ አጠገቤ ቆማ «ጠፍሩ ይሆናላ ያልጠበቀው» ትለኛለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። የደከመው መኪናው ሳይሆን ባለመኪናዋ መሆኗን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ስጠይቃት «እርጅና ነዋ፣ አንተስ ብትሆን» ብላ ትዘጋኛለች። አንቺንም በአጭር በአጭሩ እያናገረች ስልኩን ታቀብለኝ የነበረው ለዚሁ ነው። ነርስ ነሽና ትንፋሿን ሰምተሽ እንዳታውቂባት ብላ ነው። አንቺ ደግሞ እኔ ስልኩን የምነጥቃት መስሎሽ ተቀየምሽኝ።

የፎቁ ሻጭ እስከ ቅዳሜ ቁርጣችሁን ንገሩኝ አለን። የአሮጌው ቤት ባለቤት፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ እሳቸውም ሌላ ፈላጊ መጣላቸው። እናትሽ ፎቁን ወዳዋለች። የሳሎኑ መስኮት ሥር ቆማ «እዚህማ ክር ለማስገባት መብራት አያሻኝም» ስትል ፊቷ ሁሉ ሳቀ። አንቺም ወደሽዋል፤ አንቺ የወደድሽውን ደግሞ መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች? እውነት ለመናገር ፎቁ እንከን አይወጣለትም። የሊፍቱን ሞተር ሳይቀር ወጥቼ አይቻለሁ፤ አንደኛ ዕቃ ነው። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ያየሁት፣ አንደኛ ዕቃም ይቆማል። ሊፍት ሲቆም የሚደውልልኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። ስደርስ የማገኘው ግን ደረጃው ሥር ዘንቢሏን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ናት። «ብዙ ይቆያል ልጄ?» ትለኛለች። መለዋወጫው ከሌለ ሳምንት እንደሚፈጅ እያወቅሁ «አሁን ያልቃል እናቴ» እላታለሁ።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንየው ብዬ ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ሹልክ ብዬ ሊፍቱን አጠፋሁት። ከዚያ ተመልሼ «ወይ ጣጣ፣ አይሠራም፤ በእግራችን እንውጣ» አልኳት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ፎቅ ስለ መጋረጃ እያወራች ወጣች። ሁለተኛው ላይ ወሬዋ ቆመ። ሦስተኛው ላይ መደገፊያውን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጤነኛ ብትሆን ልስቅ፣ ብትታመም ልወቅ ብዬ ያደረግኩት ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ራሴን ጠላሁት።

ትንሽ ሲሻላት ቀና ብላ አየችኝ። «ሊፍቱን ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«አፍ የለህም? አትጠይቀኝም?»

«ስንቴ ጠየቅሁሽ፤ እርጅና ነው አልሽኝ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጅቷ እንዳትሰማ ብዬ ነው» አለች። «ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ቤቱንም ወዳዋለች።»

«የምንኖርበት እኮ እኛ ነን።»

«አንተስ ብትሆን፣ ስለ እኔ እየፈራህ ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃ አልወድም እያልክ ስትቀጥፍ አልነበር?»

እውነቷን ነው። ሁለታችንም የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን፣ በቤት ምርጫ አሳበን ስንነታረክ ከርመናል። ወርጄ ሊፍቱን አበራሁትና በሊፍት አወረድኳት። ኮሽ ሳይል ወረደ፤ እንዴት ያለ ሊፍት መሰለሽ።

በማግሥቱ አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሲመረምሯት፣ ሲመረምሯት ቆዩና ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረው «ልባቸው ደክሟል እንጂ የከፋ ነገር የለውም፤ ቀዶ ጥገናም አያሻቸውም። ክኒናቸውን በሰዓቱ ይዋጡ፣ ደረጃ ይተዉ፤ ከእርስዎ በላይ ይኖራሉ» አሉኝ። እናትሽ «እሱማ ድሮም የታወቀ ነው» አለች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። አትንገሪያት፤ ጉንፋን ነው ብያታለሁ። የምርመራውን ወረቀት ኮፒ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ይገባሻል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለእሷ ግን ደብቃም ተገኘላት፤ ተመስገን ነው።

በዚያው ቅዳሜ ተዋዋልን። ስለ ቤቱ አልዋሽሽም። ጓዳው ያፈስ ነበር፤ ሁለት ቆርቆሮ ለወጥኩ። የመኝታ ቤቱ በር ዘጋሁት ስትዪ ይከፈታል። ግን ከመንገዱ እስከ አልጋው አንድ ደረጃ አትወጪም። መግቢያው ላይ አንዲት ነበረች፤ በመዶሻ አፍርሼ በሲሚንቶ አስተካከልኳት። መኪናዋን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አድርገንላታል፤ ብርሃኑ የፎቁን እንደማያህል ከትናንት ጀምራ ትነግረኛለች። ዘጠኝ ቤት ተከራይተን አሥረኛው የራሳችን ሆነ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ካልዳበስኩ አላምንም። ለአንቺም ክፍል አለሽ፤ ለጊዜው የጨርቅ ጥቅል ሞልቶበታል።

ስለደበቅሁሽ ይቅር በይኝ። ሥራሽንም ጥለሽ አትምጪ፤ ዕረፍትሽ ሲደርስ ይበቃል።

ትናንት ዕቃችንን ያስገባን ዕለት፣ ተሸካሚዎቹ መኪናዋን ዘቅዝቀው ሲያወርዱ እናትሽ አየች። ከውጭው በር ጀምራ እየተቆጣችኝ ገባች። መርፌው ሳይነቀል ለምን ተጫነ፣ ክሩን ማን በጠሰው፣ ለካ ሰው ብዬ ነው ያመንኩህ። በሳሎኑ አልፋ፣ በጓዳው ዞራ እስከ ጓሮ ተከተለችኝ። እኔ ሳጥን ተሸክሜ ከፊቷ እየሄድኩ አዳምጣለሁ። አንዴም ቆም አላለችም፤ ጨረሰች ስል «ደግሞ» ብላ ትቀጥላለች። ሠላሳ ዓመት ተቆጥታኛለች፤ እንደ ትናንቱ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የምታክሚው ሁሉ በእግሩ ይሂድልሽ። የወጣሽበት ይቅናሽ፤ በሰላም ለደጃችን ያብቃሽ።

አባትሽ

ማታ ደውዪላት። እኔን አትጠይቂኝ፣ እሷን አናግሪያት፤ ሰፋ ያለ ጊዜ ይዘሽ ደውዪ።