የመንታዎቹ እናት ጥያቄ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረማችሁ?
ለሥልጠና በመጣሁበት የሕፃናት ክሊኒክ ያየሁትን ላንቺ ሳልነግር አላድርም። ያለጊዜያቸው ከተወለዱ መንትዮች አንዱ፣ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ምንጣፍ ላይ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል። ስሙን ቢጠሩት ዞር አይልም። ሐኪሟ ኦቲዝም መሆኑን ስትነግራት እናቱ፣ «ለማርገዝ ብዬ የተወጋሁት መርፌ ይሆን ያመጣበት?» አለች። ያው አንቺም ስለ ልጅሽ የጻፍሽልኝ ጥያቄ ነውና ጆሮዬን አቆምኩ።

ሐኪሟ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ያለጊዜ መወለድ ዕድሉን ይጨምራል። ሕክምናው መንታ ሲያመጣ ልጆች ቶሎ ይወለዳሉ፤ መርፌው ለብቻው ኦቲዝም ያመጣል ለማለት ግን እስካሁን ጠንካራ ማስረጃ የለንም፤ ገና እየተጠና ነው። አንቺ ልጅ ፈለግሽ እንጂ ምን አጠፋሽ?» አለቻት።

እናትየው ወደ ልጇ ጠጋ ብላ ጎማውን አሽከረከረችለት። ሲቆም ልጁ እጇን ስቦ መልሶ ጎማው ላይ አኖረው።

እኛ ዘንድ ቢሆን አክስቶች «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ብለው ይሸኟት ነበር። ልጅሽን ሚጢጢን አስመርምሪያት፤ ከፈራሽ ስመለስ አብሬሽ እሄዳለሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን፣ እማማን ሰላም በይልኝ። ሚጢጢ መሳም ስለማትወድ ከሩቅ እጅሽን አውለብልቢልኝ።

ነርሷ ጓደኛሽ