ኮት የለበሰው ኮምፒውተር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ አዲሱ አገር እንዴት ተቀበለሽ? እኛ ደህና ነን።

ኮምፒውተርሽን ወደዚያ የምትበረው ጎረቤታችን ታመጣልሻለች። አባትሽ «መንገድ ላይ እንዳይጋጭ ስፖንጅ ያለው ኮት እሰፋለታለሁ» ብሎ ተነሳ። ዕድሜ ልኩን ልብስ ሰፊ አይደል፣ ኪስ ሳይቀር አወጣለት። የመጀመሪያው ጠበበ፤ ሁለተኛው በጣም ሰፊ ሆኖ ለፍሪጃችን እንኳ ይተርፋል። «ሜትሩ አርጅቷል» አለ። አዲስ ገዛሁለት፤ እሱንም ሰደበው። ሦስተኛውን ራሴ ለካሁ፤ ክሩንም መርፌ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልክክ አለ። የኮቱ ቁልፎች ግን ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። እሱ ሁሉም ጥቁር ነው ይላል፤ አንቺም ጥቁር ነው በይው።

ደብዳቤሽን ቀድሞኝ ይቀበልና ሲያገላብጠው ቆይቶ «አንቺ አንብቢው፣ ድምፅሽ ያምራል» ይለኛል። ስትመልሺ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው። ያተለቅሽው ለእኔ ዓይን ብለሽ እንደሆነም ጻፊበት።

ደህና ሁኚልን፣
እናትሽ