ቄሱ የጽጌ ልብ ውስጥ የገባ ዕለት

ሰኞ

ስልኬ የጮኸው የአንድ ለአምስት ስብሰባ መሀል ነው። መምህራኑ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አጥሩ ጥግ ሮጥኩ። ከአዲስ አበባ የልጄ የጽጌ የልብ ሐኪም ናት። “ልጅቱን ይዛችሁ ኑ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አሉ፣ ምስሏን አብረን እናየዋለን።” ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። “ቃል አልገባም” አለች። ደግ ሴት ናት፣ አትዋሽም።

ጽጌ አራት ዓመቷ ነው። ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ጎረቤት ድረስ ሄዳ ትንፋሽ አጥሯት ቁጢጥ ትላለች። ሁለቱ ትልልቅ የደም ሥሮች ከልቧ ቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚወጡት፤ በግራና በቀኙ መካከል ደግሞ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ወደ አንዱ ሥር መንገድ ከተሠራላት ትድናለች። ለመንገዱ የሚሆን ቦታ መኖሩን ግን የበፊቱ ምስል ማሳየት አልቻለም።

ማታ ለቄሱ ነገርኩት። ቄሱ የምለው ባሌን ነው፣ ገነተ ማርያም፣ ከዓለቱ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። “ልብን የሚያይ አንድዬ ነው” አለ። “አዎ፣ ግን ቀዶ የሚያክመውም ሰው ማየት አለበት” አልኩት። ተነሥቶ የመንገድ ቦርሳውን አወረደ። እሺ ማለቱ ነው።

ረቡዕ

አዲስ አበባ ገባን። ትናንት ደሴ አደርን። ፍተሻው በዝቷል፣ በየኬላው ውረዱ፣ ውጡ። አንድ ወታደር የጽጌን ከንፈር አየና “እህቴ፣ አንቺ አትውረጂ፣ ልጅቷን ያዢያት” አለኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ስመርቀው ሄድኩ።

ዓርብ

ትናንት ስንጠብቅ ዋልን። ዛሬ አስገቡን። ሐኪሞቹ ግማሽ ፊት የሚሸፍን ጥቁር መነፅር አድርገው ባዶ አየር ላይ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል። የጽጌ ልብ መነፅሩ ውስጥ ቤት አክሎ ይታያል፣ ገብተው ይዞሩበታል። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ይከራከራል። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ።

በመጨረሻ ዶክተሯ መነፅሯን አወለቀች። “መንገዱ አለ። ሙሉውን እንሠራላታለን።” ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቄሱ ግን አልተዋጠለትም። “አባ፣ እርስዎም ይዩት” አለችው ዶክተሯ። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማንም ሳይለው ጫማውን አወለቀ። መነፅሩን አጠለቁለት። እጁን ይዛ ወደ ቀዳዳው ስትመራው ጎንበስ አለ። ከጠረጴዛው ጋር ሊላተም ትንሽ ነው የቀረው።

“አባ፣ ቀና ይበሉ፣ አይነካዎትም።”

“በሩ ዝቅ ያለ ነው እኮ፣ ልጄ።”

ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው በር ላይ ቀና ማለት ከየት ይምጣለት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወዲያው አለቀስኩ። መነፅሩን ሲያወልቁለት ዓይኑ ረጥቧል። “እጃችሁን ይባርክ” አለና የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ወረቀት ፈረመ።

ማክሰኞ

ጠዋት ወሰዷት። እህል አልወርድ አለኝ። ቄሱ ውዳሴ ማርያሙን ጨርሶ እንደገና ጀመረ። የፈራሁትን ሁሉ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት፣ ከተጻፈ የሚሆን መሰለኝ።

ሲመሽ ዶክተሯ ወጣች። ፊቷ ላይ የጭንብሉ ምልክት አለ። “በመነፅሩ እንዳየነው ሆኖ አገኘነው። መንገዱን ሠርተናል። ግን ገና ነው፣ ጸልዩ።” እጇን ልስም ስል ሸሸችኝ።

እሑድ

ዛሬ ከጽኑ ሕሙማን ወደ ተራው ክፍል አወጧት።

ልጄን አስለቅሻት አላውቅም። ካለቀሰች ጠቁራ ትዝለፈለፋለች። ስለዚህ ያለችውን ሁሉ እየሰጠሁ፣ እያባበልኩ ነው ያሳደግኳት፣ ሰው አሞላቀቅሻት እስኪለኝ። ዛሬ ውሃ ጠየቀች፣ ነርሷ ትንሽ ቆዪ ብላ ከለከለቻት። ለቅሶዋን ለቀቀችው። ቄሱ ሊያባብላት ሲነሳ ልብሱን ይዤ አስቀመጥኩት።

ጮኸች። አረፍ ብላ እንደገና ጮኸች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

ጎናችን ያለችው እናት “ምነው እህቴ፣ ዝም አታሰኚያትም?” አለችኝ።

“ቆዪ፣ ለቅሶዋን ትንሽ ልስማው” አልኳት።