ዋሂል ላይ የታወቀው የሞተር ቆጣሪ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዲሪዬ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም። ባቡሩ ይህን ወረቀት ይዞልህ ከመውረዱ በፊት ሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የወደቡ ወበቅ ለቀቅ አደረገህ ወይ? ያምህ የነበረው ወገብህስ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ ታልፈዋለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ሆዮ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ አንተን ስታነሳ ብቻ ይለሰልሳል።

የአባታችን የአቦ ሞተር አሁንም አለ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አለ፤ ታሪኩ ግን ረዝሟልና ረጋ ብለህ አንብበው። ቀለሙ ከፀሐይ ብዛት ቢነጣም አቦን ዋሂል ጤና ጣቢያ እያደረሰ ይመልሰዋል። ችግር የመጣው ቦሎ ሊታደስ ሲል ነው። መርማሪው መሪው ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች፣ ማለት ፍጥነቱንና የተሄደውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ትልቁን፣ ባትሪው መሙላቱን የሚያሳየውን ትንሹን አየና ሁለቱም ሳይሠሩ ቦሎ አልለጥፍም አለ። ሰውዬው አልተሳሳተም። የትልቁ ቀስት አንተ እያለህም ቢሆን ብትቆምም ብትበርም አርባ ላይ ነበር። አቦ ደግሞ ያለ ሞተሩ ዋሂል መድረስ አይችልም፤ እዚያ በሽተኛ የሚያክመው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአጎታችን ከዓደን ሰዓት ማደሻ ቤት ካቻቢቴና ማጉያ መነጽሬን አምጥቼ ፈታሁት። ታውቀኛለህ፤ የተዘጋ ነገር ካየሁ ሳልከፍተው አላርፍም። የእጅ ሰዓት ስጠግን ስንት ዓመቴ፤ ይህ ግን ሌላ ዓለም ሆነብኝ። ከፊት ጎማ የሚመጣው ሽቦ ሲሽከረከር ውስጥ ያለችው ማግኔት አብራው ትዞራለች፤ ማግኔቷ ቀስቱን ሳትነካው ይዛው ልትሄድ ትሞክራለች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቅል ሽቦ ደግሞ ወደ ዜሮ ትመልሰዋለች። የእኛዋ ጥቅል ሽቦ ዝጋ ተበጥሳለች። ቁጥሮቹን የሚያዞሩት ጥርሶችም ተበልተው አልቀዋል። ቀፊራ ገበያን ከዳር እስከ ዳር ባስስ እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው አጣሁ።

አቶ ክፍሉን ያስታወሰኝ አጎታችን ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ የኪስ ሰዓታቸውን እኛ ዘንድ ያሠራሉ። ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ እንደ እኛው ያለ ሞተር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሄጄ ለመንኳቸው። ሞተሩ መጀመሪያ የእሳቸው ነበር፤ ኋላ ለአንድያ ልጃቸው ለአስናቀ ሰጡት። አስናቀ በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ወጥተው ካልተመለሱት አንዱ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ከዚያ ወዲህ ሸራው ተገልጦ አያውቅም። ኋላ ግን፣ “አባትሽን ስንት በሽተኛ እየጠበቀው እኔ ብረት ታቅፌ አልቀመጥም፤ ፍቺው” አሉኝ።

የትልቁን መስታወት በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ቁጥሩን ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ለልጃቸው ሲያስረክቡት አሥር ሺህ አልሞላም ነበር፤ አሁን ሃያ ሺህን አልፏል። እሳቸው እስከሚያውቁት ልጁ የሚሄደው ከከዚራ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ከዚራ ነው። “ይህን ሁሉ መንገድ የት ሄዶበት ነው?” አሉ፤ የጠየቁት እኔን አልነበረም። ቁጥሩን ወደ ዜሮ እንዳልመልሰው ለመኑኝ፤ እሺ አልኳቸው። መስታወቱ ጫፉ ላይ ኮከብ የሚመስል ስንጥቅ አለበት። ልኩ የሚሆን ሌላ ስላላገኘሁ እንዳለ ተውኩት።

የደረቀውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ዘይት አጠጥቼ፣ ሁለቱንም በእኛ ሞተር ላይ ገጠምኳቸው። ቦሎው ተለጠፈ። አቦ ግን ቀስት ሲንቀሳቀስ ማየት ስላልለመደ ሰሞኑን ከአህያ ጋሪ እኩል ሆኖ ነበር፤ ሠላሳ ሲል ይደነግጣል።

ለካ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። አቦ ዋሂል ሲደርስ ሻይ የሚጠጣበት ቤት አለ፤ ባለቤቱን እንደ አጎት አክብረን አደር ዋርፋ እንለዋለን፤ በዕድሜ አቦን ይበልጣል። አቦ ሞተሩን ሲያቆም አደር ዋርፋ ጎንበስ አለና መስታወቱን በጣቱ ዳሰሰው። “ይህን የሰነጠቀው የእኔ ደጅ ድንጋይ ነው፤ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ፤ የዋይስ ሞተር ነው፤ ዋይስ የት አለ?” አለው። አቦ ዋይስ የሚባል ሰው አላውቅም ሲለው፣ የከዚራ ልጅ ነበር፣ ዋይስ ያልነው እኛ ነን፣ በየሳምንቱ ከእኔ ጋር ሻሕ ሊጫወት ይመጣ ነበር ብሎ ነገረው። ሻሕ ትዝ ይልሃል አይደል? ሽማግሌዎች መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው በጠጠር የሚጫወቱት። አንድ ቀን ጎማ ተንፍሶበት ቆሞ ሲያያቸው ነው አሉ የጀመረው። እኔ እስካሁን ይገርመኛል፤ ለጠጠር ጨዋታ ያን ሁሉ መንገድ።

ለአቶ ክፍሉ ይነገር አይነገር ብለን ቤት ውስጥ ተከራከርን። ሆዮ የደረቀ ቁስል አትንኩ አለች። አቦ የልጁን መንገድ ማወቅ የአባት ሐቅ ነው አለ። እኔ ሄጄ ነገርኳቸው። ቁጭ ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከአባትሽ ኋላ ሽማግሌ ሰው መቀመጥ ይችላል ወይ አሉ።

እሳቸው ከአቦ ጋር በሞተር፣ እኔ ከቀፊራ በሚነሳው የጭነት መኪና ከነጋዴዎቹ ሴቶች ጋር ሄድን። አደር ዋርፋ አማርኛ አያውቅም፣ አቶ ክፍሉ ሶማሊኛ አያውቁም፤ አቦ ነው ያስተረጎመው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ አደር ዋርፋ፣ “ልጅዎ ተቀይሞኝ ነው ወይ የቀረው? በመጨረሻው ቀን አጭበረበርክ ብዬው ነበር” አለ። ይህን ሁሉ ዓመት በልቡ ይዞት ኖሯል። አቶ ክፍሉ፣ “ልጄ ቂም አያውቅም። ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ የት እንዳለ እኔም አላውቅም” አሉ። አቦ ይህንንም ተረጎመ። አደር ዋርፋ ሽርጡን ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀመጠና እጆቹን ለዱዓ ዘረጋ።

ከዱዓው በኋላ አቶ ክፍሉ፣ “እዚህ ሲመጣ ይስቅ ነበር?” ብለው ጠየቁ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ሲስቅ ሰምተውት አያውቁም።

“ሲያሸንፍ ያፍራል” አለ አደር ዋርፋ። “ሲሸነፍ ግን ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው።”

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጉድጓዶቹን በጣቱ ማሰ። ለአቶ ክፍሉ ጠጠር ሰጥቶ ለራሱ ስንጥር እንጨት ያዘና አጨዋወቱን በእጁ አሳያቸው። አቶ ክፍሉ ወዲያው ተሸነፉ። ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ አላወቅሁም። አደር ዋርፋም አልጠየቀም፤ ጠጠሮቹን ለቅሞ እንደገና ደረደረ።

አሁን በገበያ ቀን አቶ ክፍሉ ከአቦ ኋላ ተቀምጠው ዋሂል ይሄዳሉ። በሶማሊኛ እስከ አሥር መቁጠር ችለዋል። የዋሂል ሰዎች ለእሳቸውም ስም እያሰቡላቸው ነው። አንተ ደግሞ ወደቡ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ሞተሩ ቆሞ መብራቱ ሲበራ የትንሹ ሰዓት ቀስት ወደ ግራ የሚያዘነብለው ለምንድን ነው? አቦ ተይው፣ ይሥራ እንጂ ይለኛል፤ እኔ ግን መተው አልቻልኩም።

ሆዮ ፎቶግራፍህን ላክ፣ ከስተህ እንደሆነ ልይ ትላለች። አቦ ሶላትህን እንዳትረሳ፣ በፀሐይ ባዶ ራስህን እንዳትቆም ይላል። አጎታችን ዓደን ሰዓትህ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ በሚመጣ ሰው ስደድልኝ ብሏል። ታናሿ ዛምዛም ስምህን መጻፍ ችላለች፤ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ የጻፈችው እሷ ናት፣ እንዳትስቅባት። አቶ ክፍሉም ባያውቁህም ሰላም በይልኝ ብለዋል።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እኅትህ ኹርሲ ዒጋል
ድሬዳዋ፣ ጥር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.